ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍ? የጋራ ፋይሎች ፈቃድ አሰጣጥ ደረጃ በደረጃ

ሐምሌ ላይ ነው፣ የዘር ማከፋፈያ ሰሞን። ደሴ ካለው ቢሯችን እስከ ኮምቦልቻ መጋዘን ሁላችንም የምንከፍተው አንድ የኤክሴል ፋይል ነበረን። የገበሬው ስም፣ ቀበሌው፣ የዘሩ ዓይነት፣ የሚወስደው ኪሎ። አንድ ባልደረባችን አንድ ስም ፈልጎ አጣ። ስሞቹን በፊደል ተራ ላድርጋቸው አለና የስሙን አምድ ብቻ መርጦ ሶርት አደረገ። ኤክሴል ጠየቀው፤ ጎኑ ያሉትንም አምዶች ልጨምር ወይስ በመረጥከው ብቻ ልቀጥል? በመረጥኩት ብቻ አለ። ሴቭ አድርጎ ወጣ።

ስሞቹ ቦታ ለወጡ። ቀበሌውና ኪሎው ግን ባሉበት ቀሩ። በማግስቱ 25 ኪሎ ስንዴ የተመዘገበላቸው አዛውንት ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ፣ ስማቸው አጠገብ 5 ኪሎ ጤፍ ተጽፎ ጠበቃቸው። የመጋዘኑ ኃላፊ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ይኼ ዝርዝር ጤና የለውም» አሉኝ። ፋይሉ የተቀመጠው የድሮ ቅጂ በማያስቀር የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር ወደ ኋላ የምንመለስበት መንገድ አልነበረም። የወረቀት ደረሰኝ ዘርግተን ስም በስም ስናመሳክር ሁለት ቀን ፈጀብን።

ያ ልጅ ጥፋት የለበትም። የከፈተው ስም ለመፈለግ ነው። የሚያስፈልገው ማንበብ ብቻ ሆኖ ሳለ መጻፍም እንዲችል አድርገን የሰጠነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው ሳይ ችግሩ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ፋይል ሼር ሲያደርግ «ኤዲት» የሚለውን ሳያስብ ይተወዋል። ማንበብን ለብዙ ሰው ስጡ፣ መጻፍን ለጥቂቱ። የመጻፉንም ፈቃድ ለሰውየው ሳይሆን ለሥራው ስጡት። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህንኑ በተግባር እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ከደሴ ወደ ወልዲያ ሲሄዱ የሚያገኙት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ጀምሮ በመጻሕፍቱ የታወቀ ነው። በብራና መጻሕፍት ላይ ደጋግማችሁ የምታገኟት አንዲት የግእዝ ማስጠንቀቂያ አለች፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን»። የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ያነበበው አላለችም። አባቶች የከለከሉት መውሰድንና መፋቅን ነው። እኔም ፈቃድ ስሰጥ የምለያቸው እነዚህን ነው።

ኮምፒውተሩን ከመንካታችሁ በፊት

አንድ ወረቀት አውጡ። በግራ በኩል የፋይሎቻችሁን ዓይነት ጻፉ፤ የዘር ዝርዝር፣ ባዶ ቅጾች፣ የወር ሪፖርት፣ ደሞዝ። በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ ማን እንደሚጽፍና ማን እንደሚያነብ አስፍሩ። የሰው ስም አትጻፉ። የሥራ መደብ ጻፉ፤ የመረጃ ጸሐፊ፣ የመጋዘን ኃላፊ፣ የቅርንጫፍ አስተባባሪ።

ማን መጻፍ እንዳለበት ስታመነቱ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ሰው ይህን ፋይል ማስተካከል ባይችል ነገ ሥራው ይቆማል? ይቆማል ከሆነ ይጻፍ። «አንዳንዴ ሊያስፈልገው ይችላል» ከሆነ መልሱ፣ ያንብብ። ባስፈለገው ቀን መጨመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ደሞዝ፣ የሕክምና ወረቀትና የዲሲፕሊን ደብዳቤ በዚህ ጥያቄ አይዳኙም። እነዚህን ማንበብ ራሱ የተከለከለ ነው። የማንበብ ፈቃድ ያለው ሰው ፋይሉን ዳውንሎድ ማድረግ ይችላል፣ በስልኩ ፎቶ ማንሳትም ይችላል። ስለዚህ የምሥጢር ፋይል ለብቻው ሌላ ላይብረሪ (የፋይል ማስቀመጫ ክፍል) ይኑረው እንጂ «ማንበብ ብቻ» ተብሎ ከሌላው ጋር አይቀመጥ።

ሌላም ነገር አለ፤ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ትናንት ሲጽፍ የነበረ ሰው ዛሬ ፋይሉ ተቆልፎ ሲያገኘው ቅር ይለዋል። «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» ይላል፣ በተለይ ትልቅ ሰው ከሆነ። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ተነጋገሩ። እኔ ቡና ላይ፣ አቦሉ ሳያልቅ ነው የነገርኳቸው። አብሽሩ፣ የተወሰደባችሁ ነገር የለም፤ ዝርዝሩ ቢበላሽ እንኳ ማንም እናንተን አይጠረጥርም አልኳቸው። ገባቸው። እንዲያውም የመጋዘኑ ኃላፊ «እኔን ከሚጽፉት አውጡኝ» ብለው ቀድመው ጠየቁ።

ሼርፖይንት ላይ፦ መጀመሪያ ቃላቱ

ማይክሮሶፍት 365 ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ፋይላቸውን የሚያስቀምጡት ሼርፖይንት ውስጥ ነው። ቲምስ ላይ «ፋይልስ» ብላችሁ የምትከፍቱትም ከጀርባው ሼርፖይንት ነው። የፈቃዱ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው።

«ሪድ» ያለው ይከፍታል፣ ያነባል፣ ዳውንሎድ ያደርጋል። «ቪው ኦንሊ» ያለው እንደ ዎርድና ኤክሴል ያሉትን በብራውዘር ያያቸዋል እንጂ ዳውንሎድ አያደርግም። «ኮንትሪቢዩት» ያለው ፋይል ይጨምራል፣ ያስተካክላል፣ ይሰርዛልም። «ኤዲት» ያለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ ላይብረሪውን ራሱን ማጥፋት ይችላል። «ፉል ኮንትሮል» የባለቤቱ ነው።

«ኤዲት» የሚለውን ቃል አትመኑት። ስሙ ፋይል ማስተካከል ብቻ ይመስላል። ሼርፖይንት ደግሞ ወደ ሳይቱ (ላይብረሪዎቹ ወዳሉበት የቢሮው ገጽ) «ሜምበር» ተብሎ ለገባ ሰው ሁሉ፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ ይህንኑ ይሰጠዋል። ማለትም ትናንት የተቀጠረው ልጅ የዘር ዝርዝሩን ከነላይብረሪው ማጥፋት ይችላል። ለጸሐፊዎች የሚበቃው «ኮንትሪቢዩት» ነው።

ደረጃዎቹ

ይህን ለመሥራት የሳይቱ «ኦውነር» መሆን አለባችሁ። ካልሆናችሁ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

1. መጀመሪያ የጸሐፊዎች ግሩፕ ፍጠሩ። ከላይ በቀኝ ያለችውን ጥርሳም ምልክት ንኩ፣ «ሳይት ፐርሚሽንስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ፐርሚሽንስ ሴቲንግስ»። ከላይ «ክሬት ግሩፕ» ይላል። ስሙን ሥራውን የሚናገር አድርጉት፤ «የዘር ዝርዝር ጸሐፊዎች»። የፈቃድ ደረጃ ሲጠይቃችሁ ለጊዜው «ሪድ» ምረጡ። ከዚያ ሰዎቹን አስገቡ።

2. አሁን ላይብረሪውን ክፈቱ። ያችኑ ምልክት ንኩና «ላይብረሪ ሴቲንግስ»፣ «ሞር ላይብረሪ ሴቲንግስ»፣ «ፐርሚሽንስ ፎር ዚስ ዶክዩመንት ላይብረሪ» እያላችሁ ግቡ።

3. ላይብረሪው ፈቃዱን ከሳይቱ እንደሚወርስ የሚናገር መልእክት ታያላችሁ። «ስቶፕ ኢንሄሪቲንግ ፐርሚሽንስ» ንኩና ኦኬ በሉ። በዚያች ቅጽበት ላይብረሪው የሳይቱን ፈቃድ ቀድቶ ራሱን ይችላል። ከእንግዲህ በሳይቱ ደረጃ አዲስ ግሩፕ ብትፈጥሩ ወይም የአንዱን ግሩፕ ደረጃ ብትቀይሩ እዚህ አይደርስም። ይህን ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት። ከስድስት ወር በኋላ «ለምን አይከፍትለትም?» ብላችሁ ስትጨነቁ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

4. ከዝርዝሩ «ሜምበርስ» የሚለውን ግሩፕ ሳጥኑን ምልክት አድርጉ። «ኤዲት ዩዘር ፐርሚሽንስ» ንኩ። «ኤዲት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ፣ «ሪድ» ላይ አድርጉ፣ ኦኬ።

5. ቅድም የፈጠራችሁትን የጸሐፊዎች ግሩፕ ምረጡ። በዚያው መንገድ «ኮንትሪቢዩት» ስጡት።

6. ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብቡት። አንዳንድ ፋይሎች የራሳቸው ፈቃድ እንዳላቸው የሚገልጽ መልእክት ካለ «ሾው ዚዝ አይተምስ» ንኩ። እነዚህ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ለብቻቸው ሼር ያደረጋቸው ፋይሎች ናቸው። አሁን የሠራችሁት ለውጥ አይነካቸውም። አንድ በአንድ ክፈቱና «ዲሊት ዩኒክ ፐርሚሽንስ» በሉ፤ ወደ ላይብረሪው ሥርዓት ይመለሳሉ።

7. «ቼክ ፐርሚሽንስ» ንኩና የአንድ አንባቢ ስም ጻፉ። ምን ፈቃድ እንዳለውና በየትኛው ግሩፕ በኩል እንዳገኘው ይነግራችኋል። ቀጥሎ የአንድ ጸሐፊ ስም ሞክሩ።

ስድስተኛውን አትዝለሉ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ዘልየው ሁሉም ተቆልፏል ብዬ ስናገር፣ ዋናው ዝርዝር ብቻ በአሮጌ ሊንክ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ወደ አንድ አንባቢ ጠረጴዛ ሂዱና በራሱ አካውንት አብራችሁ ሞክሩት። ከፍቶ ያንብብ፣ አንድ ፊደል ለመጻፍ ይሞክር። ላይብረሪው በዋንድራይቭ (ፋይሎቹን ኮምፒውተሩ ላይም በሚያሳየው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም) ኮምፒውተሩ ላይ ሲንክ ከተደረገ፣ ማንበብ ብቻ የሚችለው ሰው ከፋይሎቹ አጠገብ ትንሽ የቁልፍ ምልክት ያያል።

ፈቃድ ይደመራል

ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። አንድን ሰው «ቪዚተርስ» በሚለው የአንባቢዎች ግሩፕ ውስጥ ስላስገባችሁት ብቻ አንባቢ አይሆንም። አሁንም «ሜምበርስ» ውስጥ ካለና ያ ግሩፕ መጻፍ ከቻለ፣ ይጽፋል። ሼርፖይንት ከሁለቱ ሰፊውን ይወስዳል። ስለዚህ ሰው መጻፍ የለበትም ስትሉ ጠባብ ፈቃድ መጨመር ዋጋ የለውም፤ ሰፊው ካለበት ግሩፕ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው ቀዳዳ ሊንክ ነው። ፈቃዱን አሳምራችሁ ሠርታችሁ፣ አንዱ ጸሐፊ ማረም የሚያስችል ሊንክ ፈጥሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከለጠፈው ልፋታችሁ ከንቱ ነው። «ሳይት ፐርሚሽንስ» ውስጥ «ቼንጅ ሃው ሜምበርስ ካን ሼር» የሚል አለ። ሦስት ምርጫ ይሰጣል። ለወሳኝ ሳይት የመጨረሻውን ምረጡ፤ ሼር ማድረግ የሚችሉት ባለቤቶቹ ብቻ ይሆናሉ። አሁን ያሉትን ሊንኮች ለማየት ፋይሉ ላይ ሦስቱን ነጥብ ንኩና «ማኔጅ አክሰስ» ክፈቱ። የማታውቁትን ሊንክ ሰርዙ።

ፎልደር በፎልደር፣ ፋይል በፋይል ፈቃድ መስጠትም ይቻላል። አልመክርም። በሦስተኛው ወር ማን ምን እንዳለው የሚያውቅ ሰው አይገኝም። የተለየ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ካለ ሌላ ላይብረሪ ክፈቱለት።

ባለቤት ሁለት ሰው ይሁን። አንድ ብቻ ከሆነ እሱ የታመመ ቀን ሁሉም ይቆማል። አምስት ከሆነ ደግሞ ኃላፊ የለውም።

ይጻፍ ግን አይሰርዝ

አንዳንድ ቦታ ጸሐፊው እንዲጽፍ ይፈለጋል፣ እንዲሰርዝ ግን አይፈለግም። የራሳችሁን ደረጃ መሥራት ትችላላችሁ። «አድቫንስድ ፐርሚሽንስ ሴቲንግስ» ውስጥ «ፐርሚሽን ሌቭልስ» ክፈቱ፣ «ኮንትሪቢዩት»ን ንኩ፣ ታች ወርዳችሁ «ኮፒ ፐርሚሽን ሌቭል» በሉ። በአዲሱ ላይ «ዲሊት አይተምስ» እና «ዲሊት ቨርዥንስ» የሚሉትን አንሱ። እንዲህ ያለው ጸሐፊ ፋይል ወደ ሌላ ቦታ ማንቀሳቀስም እንደማይችል አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ማንቀሳቀስ ከነበረበት መሰረዝ ነውና።

ያም ሆኖ መጻፍ የሚችል ሰው ፋይሉን ባይሰርዝም ውስጡን ባዶ ማድረግ ይችላል። እውነተኛው መድን የድሮ ቅጂ ነው። ፋይሉ ላይ ሦስቱን ነጥብ፣ ከዚያ «ቨርዥን ሂስትሪ»። ከለውጡ በፊት ያለውን ቀንና ሰዓት ፈልጉ፣ «ሪስቶር» በሉ። የተበላሸውም አይጠፋም፤ አንድ ቅጂ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። የተሰረዘ ፋይል ደግሞ «ሪሳይክል ቢን» ውስጥ ገብቶ 93 ቀን ይቆያል። ያን ሐምሌ ይህ ቢኖረን ኖሮ የሁለት ቀኑ ሥራ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር።

«ፋይሉ ሪድ ኦንሊ ሆነብኝ» ሲሏችሁ

ሰኞ ጠዋት ከሚደወልልኝ ስልክ ብዙው ይኼ ነው። ወደ ፈቃዱ ገጽ ከመሮጣችሁ በፊት ማያው ላይ ምን እንደሚል አስነብቡት።

ከላይ ቢጫ መስመር ላይ «ኢኔብል ኤዲቲንግ» ካለ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም። ፋይሉ ከኢንተርኔት ወይም ከኢሜይል ስለመጣ ኮምፒውተሩ እየተጠነቀቀ ነው። ላኪውን ካወቀው ይንካው።

ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል የሚል መልእክት ከመጣ፣ ያ ሰው ከፍቶት ነው። በቢሮ ኔትወርክ ላይ በተቀመጠ ኤክሴል ይህ የተለመደ ነው። መልእክቱ ላይ ስሙ አለ፤ ደውሎ ዝጋልኝ ይበለው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ማንም ሳይከፍተው ተይዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ሁለቱም ካልሆኑ፣ ያኔ «ቼክ ፐርሚሽንስ»።

ጎግል ድራይቭ ለምትጠቀሙ

ማኅበራትና ትንንሽ ቢሮዎች በነጻው ጂሜይል ነው የሚሠሩት፤ 15 ጊጋባይት ይሰጣል። ደረጃዎቹ ሦስት ናቸው፤ «ቪወር» ያነባል፣ «ኮሜንተር» ያነባል፣ አስተያየትም ይጽፋል፣ «ኤዲተር» ያስተካክላል። ለአለቃ ወይም ለቦርድ አባል «ኮሜንተር» እጅግ ተስማሚ ነው። ሐሳቡን ከጎን ያሰፍራል፣ ጽሑፉን አይነካም።

ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ፣ «ሼር»፣ ኢሜይሎቹን ጻፉ፣ ደረጃውን ምረጡ። ታች «ጄኔራል አክሰስ» የሚለው «ሪስትሪክትድ» መሆኑን እዩ። «ኤኒዋን ዊዝ ዘ ሊንክ» ላይ «ኤዲተር» ተደርጎ ካገኛችሁት ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ይጽፋል ማለት ነው። ከዚያ ጥርሳሟን ምልክት ክፈቱና ኤዲተሮች ፈቃድ እንዲቀይሩና ሼር እንዲያደርጉ የሚያስችለውን ምልክት አንሱ።

ከሁሉ በላይ ግን ፎልደሩ የማን ነው? በአንድ ሠራተኛ የግል ጂሜይል ከተፈጠረ የእሱ ነው። ሥራ ለቅቆ አካውንቱን ቢዘጋ ፎልደሩም አብሮት ይሄዳል። በማኅበሩ ስም አንድ አካውንት ክፈቱ፣ ፎልደሮቹን ከዚያ ፍጠሩ።

ኢንተርኔት በሌለበት፣ በቢሮው ኔትወርክ

ኔት በተቆራረጠ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም ብዙ ቢሮ አንድ ኮምፒውተር ላይ ፎልደር ሼር አድርጎ ይጠቀማል። ጥሩ መላ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ሁለት በር እንዳለ እወቁ። አንደኛው «ሼሪንግ» በሚለው ገጽ ያለው ነው፣ ሁለተኛው «ሴኩሪቲ» በሚለው። ሰውየው ሁለቱንም ማለፍ አለበት። በአንዱ «ሪድ» በሌላው «ሞዲፋይ» ካለው ማንበብ ብቻ ይችላል፤ በሁለቱ በሮች መካከል ጠባቡ ያሸንፋል። ሼርፖይንት ላይ ከነገርኳችሁ ጋር ተቃራኒ ስለሆነ አትደባልቁት።

ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሼሪንግ»፣ «አድቫንስድ ሼሪንግ»፣ «ፐርሚሽንስ»። «ኤቭሪዋን»ን አውጡና ለጸሐፊዎችም ለአንባቢዎችም ግሩፕ «ቼንጅ» ስጡ። ትክክለኛውን ልዩነት «ሴኩሪቲ» ላይ አድርጉት፤ ለጸሐፊዎች «ሞዲፋይ»፣ ለአንባቢዎች «ሪድ ኤንድ ኤክስኪዩት»። እዚያ ሰፋ ያለ ፈቃድ ወርሶ የተቀመጠ ሌላ ግሩፕ ካለ አይታችሁ አስተካክሉ። «ዲናይ» የሚለውን ዓምድ ተውት፤ አንድ ቦታ ምልክት ካደረጋችሁበት ሌላውን ፈቃድ ሁሉ ስለሚሽር በኋላ ምክንያቱን ማግኘት ያስቸግራል። ሰው ወደ ግሩፕ ስትጨምሩ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ እንደገና ይግባ፤ እስከዚያ አይሠራለትም። እዚህ የድሮ ቅጂ በራሱ ስለማይቀመጥ ማታ ማታ ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ፣ ዲስኩንም ከኮምፒውተሩ ነቅላችሁ አስቀምጡ።

ሰው ሲዛወር

ከደሴ ወደ ወልዲያ ተዛውሮ የሄደ ሰው ዓመት ሙሉ በድሮው ግሩፕ ውስጥ ስሙ ይቀራል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም፤ የሚያስታውስ ስለሌለ ነው። ስለዚህ የዝውውር ደብዳቤ ሲወጣ አንድ ቅጂ ፈቃድ ለሚሰጠው ሰው እንዲደርሰው ከሰው ኃይል ጋር ተስማሙ። ርክክብ ሲደረግ ከቁልፍና ከማኅተም ቀጥሎ የፋይል ፈቃድም ይጻፍ።

በየሦስት ወሩ ደግሞ የግሩፖቹን ዝርዝር ከፍታችሁ ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር አስተያዩ። እኛ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢት እና ሰኔ ላይ እናደርገዋለን። የሰኔው ከዘር ማከፋፈያው በፊት ነው፤ ከወረቀቱ ሥር ቀኑን ጽፈን ሁለታችንም ባለቤቶች እንፈርምበታለን።